እትዬ አስካለ ወይስ እነሱ?

ዲቪ በተጀመረ ሰሞን ዳላስ እንደገባሁ፣ እንግሊዝኛዬ እንዲሻሻል ብዬ አንድ እንግሊዛዊ የጻፈውን ልቦለድ ጀመርኩ። ሳይንስ ፊክሽን ይሉታል፤ እኔ ግን እንደ ዜና ነበር የማነበው። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡሮች ጎረቤት መስለው ሰው ይውጣሉ። መለያቸው አንድ ነው፤ አይደነግጡም።

አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ባለው አፓርታማዬ ውስጥ እያነበብኩ ሳለ የከተማው ሳይረን እሪ አለ። በመስኮት ሳይ የሚሮጥ ሰው የለም። አንዱ ተረጋግቶ መኪናውን ያጥባል። በሩን ቆልፌ ሻወር ቤት ተወሸቅሁ።

በሩ ተንኳኳ።

"አንተ ልጅ፣ ክፈት! የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ቴስት ነው፤ በየወሩ ይጮሃል።"

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ናቸው። እፎይ ብዬ ከፈትኩ። ሰሃን ይዘዋል። ክትፎ! ጾም የማያስታጉሉት እትዬ አስካለ፣ በረቡዕ ምድር ክትፎ! ጣታቸው ላይ የነካቸውን ቅቤ ላስ አደረጉ።

"አይጠጉኝ!" ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። "ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!"

ፈገግታቸው ጠፋ።

"ፋሲካ ገና ማለፉ አይደል? በበዓለ ሃምሳ ረቡዕ ይጾማል እንዴ?"

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ አማተቡና ሰሃኑን እንደያዙ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ፣ "አንተ... ማነህ?" አሉኝ።