ሁለት ጊዜ ድንኳን የተተከለላት እህቴ

ዛሬ ሀና ማርያም ሰፈር፣ እህቴ በልጇ ሰርግ ድንኳኑን በጭፈራ አናወጠችው! የመጀመሪያው ድንኳኗ ግን የለቅሶ ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳለች፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ለኦፕራሲዮን ፀጉሯ ሲላጭ አልቅሳ አልቅሳ አልወጣላት ሲል፣ እማዬም አብራት ተላጨች።

ዕጢው በደህና ወጣ። እማዬ ቅያሪ ልብስ ልትወስድ ሰፈር መጣች። ጎረቤቶች የተላጨ ራሷን ሲያዩ ልጅቷ የሞተች መስሏቸው እሪ አሉ። እድሩም ወዲያው ድንኳን ተከለ። (የኛ እድር በቅልጥፍና አይታማም!)

«ልጄ ተርፋለች! ንቀሉት፣ ለሰርግ ታመጡታላችሁ» አለች እማዬ።

ከዕጢው የተነሳ እህቴን ግራ እጇን እስካሁን ይደክማታል። ዛሬ በቀኟ እማዬን ጎትታ አስጨፈረቻት።

እናንተስ፣ ያለጊዜው የተለቀሰለት ሰው አላችሁ? ጻፉልኝ፣ እልል እንበልለት!