የላም መዝጋቢው ደረሰና አካል የሌለው ኮምፒዩተር

ደረሰን የማያውቅ የወረታ ሰው ያን ጊዜ አልነበረም ማለት ይቻላል። ስም ያተረፈው በሀብት ወይም በሹመት ሳይሆን በመጠየቅ ነው። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገናኝበት ላይ የቆመ የጭነት መኪና ካየ፣ ምን እንደ ጫነና ጎማው ስንት አገር እንደ ረገጠ ሹፌሩን ሳይጠይቅ አያልፍም። ሹፌሮቹ «ትራፊክ ነህ ወይስ አማች?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ሥራው ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረው የገበሬዎች ዩኒየን የከብት ማራቢያ ውስጥ ላም መመዝገብ ነበር። እኔ እዚያው መዝገብ ቤት ስለ ነበርሁ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር። ለተወለደ ጥጃ ሁሉ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ ደረሰ ደግሞ የእናቱን ቁጥር፣ የአባቱን ኮርማና የተወለደበትን ቀን ይጽፋል። በየመስከረሙ ኮርማ ለገበሬ ሲታደል፣ አንዱ ኮርማ ከገዛ እኅቶቹ መንጋ እንዳይገባ የሚጠብቀው ይኸው መዝገብ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ በትልልቅ ደብተር ነበር የሚጽፈው። በ1993 ዓ.ም. ኮምፒዩተር ሲመጣለት በሁለት ጣቱ እየለቀመ ደብተሩን ሁሉ በሦስት ክረምት ገለበጠው። ደብተሮቹንም ውሎ አድሮ ምስጥ በላቸው። በ2005 ዓ.ም. ኮምፒዩተሩ ራሱ አርጅቶ፣ ሲነሣ እንደ ደከመ ወፍጮ ያጓራ ጀመር። ፕሮግራሙ ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋራ አይስማማም፤ የሠራውም ሰው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ማሽኑ ከሞተ የሺህ ሦስት መቶ ከብት የዘር ሐረግ አብሮ ይቀበራል። ደረሰ ጠዋት ሲያበራው እጁን ከላዩ አኑሮ ነፍስ እስኪዘራ ይጠብቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ነፃነት የምትባል ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያ ከአዲስ አበባ ተቀጥራ መጣች። በቢሮው የነበሩትን አምስት አሮጌ ማሽኖች በአንድ ጠንካራ ሰርቨር ውስጥ ልታስገባቸው እንደ ሆነ ነገረችን። ደረሰ ወዲያው ወንበሩን አስጠጋ።

«ብረቱን ነው የምታስገቢው?»

«ብረቱ ይቀራል፣ ጋሼ። ውስጡ ያለው ብቻ ነው የሚገባው። ትልቁ ማሽን ለእያንዳንዱ የውሸት ኮምፒዩተር ይሠራለታል። የእርስዎ ፕሮግራም ከድሮ ቤቱ የወጣ አይመስለውም።»

«ታታልይዋለሽ በይኛ!»

ሳቀችና እውነት ነው፣ ማታለሉም ቨርቹዋል ማሽን የሚባል ስም አለው አለችው። ሳምንቱን ሙሉ አላስቀመጣትም። የውሸቱ ኮምፒዩተር ይደክመዋል ወይ፤ ከአምስቱ አንዱ ቢታመም በሽታው ወደ ሌሎቹ ይጋባል ወይ ይላታል። እሷም በየበረታቸው እንደሚታጠሩ ነገረችው። አምስቱን በአንድ ማድረግ ለምን አስፈለገ ሲላት ደግሞ፣ እያንዳንዱ ማሽን ከቀኑ ሲሶውን እንኳ እንደማይሠራ በቁጥር አሳየችው። ደረሰ ራሱን ነቀነቀ፤ በየደጁ ታስሮ ድርቆሽ የሚበላ በሬ ማለት ነው አለ።

የዝውውሩ ቀን ነፃነት የአሮጌውን ማሽን ገመድ ነቀለችና በአዲሱ በኩል ክፈቱት አለች። ያው የድሮው ፕሮግራም ሰማያዊ ገጽ ከች አለ። ደረሰ የአንዲት ላም ቁጥር ጻፈ፤ እናቷ፣ አያቷ፣ ቅድመ አያቷ ተደርድረው መጡ። ተነሥቶ አሮጌውን ማሽን ዳሰሰው። ቀዝቅዟል። ተመልሶ ማያውን አየ፤ እንደገና ሄዶ ዳሰሰው። ከዚያ በኋላ የጠየቃትን ጥያቄ ግን ማናችንም አልጠበቅነውም።

«ዘሩ የት ነው የሚያድር?»

ነፃነት አልገባትም። እሱም አስረዳት። ያደገው በርብ ወንዝ ዳር ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ሜዳው ባሕር ይሆናል። በአባቱ ቤት የዘር እህል ከሚበላው ጋራ በአንድ ጎተራ አይከርምም ነበር፤ ሐምሌ ሳይገባ በአህያ ተጭኖ ደጋ ካለው ዘመድ ቤት ይወጣል። ጎርፍ ቤቱን ቢወስድ ዘሩ አይጠፋም።

ነፃነት ሁሉም ነገር በሁለት ዲስክ ላይ እንደሚጻፍ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንደሚተካው ነገረችው።

«ሁለቱም በዚሁ ሣጥን ውስጥ ናቸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሁለት ጎተራ በአንድ ቤት ነው፣ ልጄ።»

በሳምንቱ የጸሎት መጽሐፍ የምታህል ዲስክ አምጥታ ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ ደረሰ አርብ አርብ የመዝገቡን ቅጂ ከነውሸቱ ኮምፒዩተር የያዘችውን ዲስክ በላስቲክ ጠቅልሎ ዳገቱን በሚኒባስ ይወጣና፣ ዓለም በር ካለው የዩኒየኑ የእንስሳት ክሊኒክ ቁምሣጥን ውስጥ አኑሮ ይመለስ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ፣ አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ሄዶ የነበረው መብራት በኃይል ተመልሶ መጣ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ሰርቨሩ ከነሁለት ዲስኩ ሞተ። ኮርማ ሊታደል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ነፃነት ፊቷ ዐመድ መስሎ፣ ደረሰን ቀና ብላ ሳታየው ዓለም በር ይሂዱልኝ አለችው።

ዲስኩ በማግስቱ መጣ። በራሷ ላፕቶፕ ላይ ጫነችው፤ የውሸቱ ኮምፒዩተርም ብረቱ ሌላ መሆኑን ሳያውቅ ነቃ። ሰማያዊው ገጽ ሲወጣ እኔ እልል ልል ነበር፤ ደረሰ ግን ቀኑን እያየ ነበር። ባለፈው አርብ ይፋግ ለቅሶ ሄዶ ቅጂውን አላወጣም። የዐሥራ አንድ ቀን ጽሑፍ የለም፤ በእነዚያ ቀናት ደግሞ ዘጠኝ ጥጆች ተወልደዋል። እኔ ታስታውሳቸዋለህ እኮ ብለው፣ ጥጃው ሁሉ ቡሬ፣ ዝናቡም አንድ ዓይነት፣ ትዝታ መዝገብ አይሆንም አለ።

ደብተርና እርሳስ ይዞ ወደ በረቱ ሄደ። ነፃነትና እኔም ተከተልነው። እረኛውን አያልነህን ጥጆቹን አንድ በአንድ ልቀቅልኝ አለው።

«ምን ልታደርግ ነው፣ አያ ደረሰ?» አለ አያልነህ።

«እናታቸውን እንዲነግሩኝ ነዋ።»

የመጀመሪያዋ ጥጃ እየተንገዳገደች በላሞቹ መካከል አለፈች፤ አንዷን አሽትታ ተወቻት፤ ሌላዋ በቀንዷ ገፋቻት። ሦስተኛዋ ዘንድ ስትደርስ ጭራዋን እየወዘወዘች ጡት ጎረሰች። ደረሰ የላሟን የጆሮ ቁጥር ጻፈ። አባትየውን ላፕቶፑ ያውቃል፤ ላሟ በየትኛው ኮርማ እንደ ተጠቃች ኅዳር ላይ ስለ ተጻፈ ከቅጂው ውስጥ አለ። እንዲህ እያለ ስምንቱ ተገኙ።

ዘጠነኛዋ ከደጁ ቆመች እንጂ ወደ ማንም አልሄደችም። አያልነህ ይቺማ እናቷ ስትወልድ የሞተችባት ናት፣ በጡጦ ነው የያዝናት፣ የላሟን ቁጥር ግን ልብ አላልሁትም አለ። ነፃነት ባዶ እንተወዋ ስትለው ደረሰ ደብተሩን ይዞ ወደ ላሞቹ ተመለሰ። ሁለት ቀን ሙሉ ጭቃውን እየረገጠ የሁለት መቶ ስድሳ ላም ጆሮ አነበበ። ከዚያ ነፃነት ከመዝገቡ እየጠራች እሱ ከደብተሩ ያመሳክር ጀመር። በመዝገቡ በሕይወት ያለች፣ በሜዳው ግን የሌለች ላም አንዲት ብቻ ነበረች፤ ቁጥር ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት።

ደረሰ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና በሁለት ጣቱ ጥጃዋን በዚያች ላም ቁጥር ሥር መዘገባት። ቀጥሎ ወደ እናቷ መስመር ተመልሶ የሞተችበትን ቀን ጻፈ።