የተቆለፈው ሪሞት

እርጉዝ መሆኔን ያወቅሁ ሰሞን እረፍት የነሳኝ ማቅለሽለሹ አልነበረም፤ ሽቦው ነበር። ደብረ ማርቆስ የራጅ ባለሙያ ነኝ። ከአልጋው መነሳት የማይችል በሽተኛ ራጅ የምናነሳበት ተንቀሳቃሽ ማሽን ማስነሻ ቁልፉ በሽቦ የታሰረ ነው፤ ሽቦው ቢጎትቱት ከሁለት እርምጃ አያልፍም። ጨረር የሚመክተውን የእርሳስ ሽርጥ ደርቤ፣ ፊቴን አዙሬ እጫናለሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ስዳብስ እውላለሁ።

ከበር ውጭ ሆኖ ማንሳት የሚያስችል ሪሞትም ነበረን። ከማሽኑ ጋር ሲመጣ የክፍላችን ኃላፊ በስማቸው ፈርመው ተረከቡትና ከነላስቲኩ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ቢጠፋ ተጠያቂው እሳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ አዲስ ዕቃ የሚከበረው እንዲህ ነው። ስጠይቃቸው፣ እኛ በሽቦው ሠርተን አርጅተናል እያሉ ይስቁብኛል። እናቴ ደግሞ ሆድሽ ሳይገፋ ለሰው እንዳታወሪ ብላኛለች። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ሽቦዬን እጎትታለሁ፤ በራሴም እናደዳለሁ።

አንድ ጠዋት ከይጁቤ የመጡ ሽማግሌ መሪጌታ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ተኝተው ሳሉ የደረት ራጅ ታዘዘላቸው። ሽርጡን አነሳሁ፤ መልበሱ አቃተኝ። እንደያዝኩት ኃላፊው ቢሮ ሄጄ ሪሞቱን ይስጡኝ አልኩ። ደግሞ ጀመረሽ አሉኝ።

«ጋሼ፣ አርግዣለሁ» አልኳቸው።

ተነስተው ወደ ቁምሳጥኑ ሄዱ። ቁልፉን ከኪሳቸው እስኪያወጡ ቆሜ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ላስቲኩን ራሳቸው ቀደዱት። ክዳኑን ሲከፍቱት ባትሪዎቹ ፈሰው ውስጡን በልተውታል። ሪሞቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት።

«ለማን ነበር ያስቀመጥኩት?» አሉ።

ሽርጡን ከእጄ ተቀብለው መሪጌታውን እሳቸው አነሱ፤ እኔን ከበር ውጭ አቆሙኝ። ሪሞቱ ተጠግኖ እስኪመጣ ድረስ በአልጋ ያለውን በሽተኛ ሁሉ ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ቀንም ሲያጉረመርሙ አልሰማሁም።

ልጄ ዛሬ ትሮጣለች፤ ጤነኛ ናት። እኔ ግን ባስነጠሳት ቁጥር በሽቦው የሠራሁባቸውን ሳምንታት እቆጥራለሁ። እሳቸውን መውቀስ ያምረኛል፣ አልችልም። ቁምሳጥኑን ያስከፈተው አንድ ቃል ነው፤ ያን ቃል ይዤ የዘገየሁት እኔ ነኝ።