በወተት ቅል የተቀዳ ጉሎ

«አንቺ የሰው ልብ አይገባሽም።»

ይህን ያለችኝ ሐኪሟ ናት። ፊት ለፊቴ ቆማ፣ በፈረንሳይኛ፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። እጄ እስከ ክርኔ ጉሎ ዘይት ሆኖ ነበር።

ዛሬ ሞጆ የተከራየሁት ክፍል ከአንድ ኮርቻ ሰሪ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ሰውዬው ቆዳውን የሚያለሰልሰው በጉሎ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ያ ወፍራም፣ አፍ ውስጥ የሚቀር ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ እየሾለከ ይገባል። መስኮቱን ብከፍተው አቧራው፣ ብዘጋው ጉሎው። «እባክዎ በሌላ ነገር ያለስልሱት» ብዬ ለምኜዋለሁ። «እመቤት፣ ቆዳ የለመደውን ነው የሚወደው» አለኝና ሳቀብኝ። ምን ብዬ ላስረዳው?

ያን ጊዜ ድሬዳዋ የፈረንሳይኛ ትምህርቴን ጨርሼ አዳማ አክስቴ ቤት ገብቼ ነበር። ከባቡር ጣቢያው በታች፣ ግራሮቹ አጠገብ፣ አንዲት የውጭ አገር ሴት ሐኪም ቤት ከፍታ ነበር። ሁለት ተማሪ ያዘች፤ እኔንና ከሐረር የመጣ አንድ ልጅ። ጠዋት ጠዋት ቁስል እናጥባለን፣ ጨርቅ እንቀቅላለን፣ ንዳድ ለያዘው ኪኒን እናድላለን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የቆቃን አቧራ ይዞ ሲመጣ በሩን ዘግተን እንማራለን። አጥንት ተማርን፣ ደም ተማርን። ከዚያ አንድ ቀን ሐኪሟ ወንበሯን ወደኛ አስጠጋችና፣ «ዛሬ ደግሞ ፕሲኮሎዢ» አለች።

ሐረሬው «ፕሲ»ዋ ላይ ምላሱ ታሰረ። «ይሄ ትምህርት ነው ወይስ ድመት መጥሪያ?» ብሎ በአማርኛ ሹክ አለኝ።

ሐኪሟ በአገራችሁ ቋንቋ ስም አውጡለት ስትለን እኔ ቸኩዬ «የነፍስ ትምህርት» አልኩ። አክስቴ የሰማች ዕለት ነጠላዋን እያጣፋች፣ «ነፍስማ የንስሐ አባት ሥራ ነው! እናንተ ቁስላችሁን እጠቡ» አለችኝ። ጎረቤቶቿም ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ከሥራ ስገባ ጠብቀው፣ «እህሳ፣ ዛሬስ ነፍስን አያችኋት? ቀይ ናት ጠይም?» ይሉኛል። አክስቴ እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ትቀድመኛለች። «ተዋት፤ የዚች ምላስ ኮሶ ነው። ውሸት አይሆንላትም፣ ደስም አታሰኛችሁም።»

እውነቷን ነው። አይሆንልኝም ነበር።

ግን ያን ትምህርት ወደድኩት። ከደሙም ከአጥንቱም ይልቅ የገባኝ እሱ ነው። ሐኪሟ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «ታማሚ ሲናገር አፋችሁን ዝጉ» ትለን ነበር። «ቃሉን ብቻ አትስሙ። እጁ ምን እንደያዘ እዩ። ዝም ያለበትን ቦታ ስሙ። ሐዘን አካልን ያሳምማል።» እኔ ይህን የሚል ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ሌሊት ተኝቼ እንኳ የአክስቴን እጅ፣ የውሃ ቀጂዋን ዝምታ፣ የጣቢያውን ዘበኛ ሳል እያሰብኩ እነቃ ነበር። ዓለም ድንገት የሚነበብ ነገር ሆነብኝ።

የቤይሩት ነገር ደግሞ መጣ። ሐኪሟ ከሁለት አንዳችንን ቤይሩት ዩኒቨርሲቲ እንደምትልክ ነገረችን። እዚያ ሐኪም የሚሆኑትም አስታማሚ የሚሆኑትም ይህንኑ የነፍስ ትምህርት ከሌላው ጋር ይማራሉ አለች። በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ። እኔ ባቡሩ ጮኾ ባለፈ ቁጥር ሆዴ አብሮት ይሄዳል። ሴት ልጅ ዕድሜዋ ካለፈ ማን ይጠይቃታል እያለች አክስቴ ባል እየፈለገችልኝ ነው። ሌላ መውጫ አልነበረኝም።

የምትልከውን የምትመርጠው አንድ ታማሚ አነጋግረን ስለ ሕመሙ በምንነግራት መሠረት ነበር።

የመጣችልን ታማሚ ከደራ ወዲያ ያለች የአርሲ ሴት ናት። የባሏ ወንድም በበቅሎ አምጥቶ በር ላይ ጥሏት ገበያ ሄደ። ዕድሜዋ ብዙ አይደለም፤ ፊቷ ግን ውሃ እንደራቀው መሬት ሆኗል። ጭኗ ላይ አንዲት ትንሽ የወተት ቅል አስቀምጣለች፤ ክዳኗ የተሰፋ፣ አንገቷ በዛጎል የተከበበ። ከቅሏ የወይራ ጭስ ይሸታል። ሐረሬውም እኔም ኦሮምኛ እናውቃለን፣ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። «አካም ጂርታ» ብዬ ሰላም አልኳት። ከዚያ እንደተማርኩት አፌን ዘጋሁ።

«ገራን ኮ ጉበቴ» አለች። ሆዴ ተቃጠለ ማለቷ ነው።

ቅሏን በአውራ ጣቷ ታሻለች። ልጅ ነበረቻት፤ አንድ ብቻ። ከብት ስትከተል ወተቷን በዚያች ቅል ይዛ ትሄድ ነበር። ከብቶቹን አዋሽ ዳር ሲያወርዱ ንዳድ ይዟት ሞተች። የባሏ ቤተሰብ አላህ ሰጠ አላህ ወሰደ፣ ልቅሶ ይብቃ አሏት። «ጠዋት አልቤ ሁለቱንም ቅል እሞላለሁ» አለችን፣ «የኔንም የሷንም። ማታ የሷ እንደሞላ አገኘዋለሁ። ሆዴ ውስጥ ሰው የለም፣ ያ ኢንተላ።» ልጄ ስትለኝ ነው።

ሐረሬው ዓይኑን ጠረገ። አይቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው እሱን ለማማት አይደለም።

ሐኪሟ ገባች። ሴትዮዋን በአማርኛ «ምን ያምሻል?» አለቻት። ሴትዮዋ ደግሞ በምታውቃት ጥቂት አማርኛ እጇን ደረቷና እምብርቷ መካከል አድርጋ «ሆድ» አለች።

የሐኪሟ ፊት በራ። አገራችን የመጣች ሰሞን መጀመሪያ የተማረቻቸው ቃላት ራስ፣ እጅ፣ እግር፣ ሆድ ናቸው። እነዚህን ስትሰማ አስተርጓሚ አትፈልግም ነበር። በራሷ ጆሮ ሰምታ በራሷ ገባት፤ ደስታዋን ብታዩ!

እኔ ተነሣሁ። «ማዳም፣ እዚህ አገር ሆድ ሌላ ነው» አልኳት። «ሰው ሲከፋው ሆድ ይብሰዋል። ብቻውን ሲቀር ሆዱን ባር ባር ይለዋል። ሲያዝን አንጀቱ ያርራል። ልጇ ሞታባት ነው።»

«ታዲያ በዚህ አገር ሆዱን የታመመ ሰው የለማ?» ብላ ሳቀች። ክፋት የላትም፤ እውነት አስቋት ነው። ወደ ሐረሬው ዞረች። «አንተስ? ምን አለች?»

እኔን አየኝ። መሬቱን አየ።

«ሆዷን ያቃጥላታል» አለ በፈረንሳይኛ።

ቃል በቃል ልክ ነው። አንዲት ፊደል አልሳተም።

ሐኪሟ ለሆድ ማጽጃ የምትሰጠውን የጉሎ ዘይት ጠርሙስ አወረደች። አንድ ማንኪያ ሞልታ ወደ ሴትዮዋ አፍ አቀረበች። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። በኦሮምኛ፣ «አይጠጡት፣ ይሄ ለሌላ ሕመም ነው» አልኳት። «በእጇ ሰጥታኝ እንዴት እምቢ እላታለሁ?» አለችና ዋጠችው። ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም። ሐኪሟ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ቤት ወስዳ የምትጠጣውን ዕቃ ውስጥ ቅዳላት ብላ ሐረሬውን አዘዘችውና ራሷ ቅሏን ከሴትዮዋ ጭን ላይ አነሣች። ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች። ጭሱን አልወደደችውም። ቅሏን ለሐረሬው ያዘችለት።

«እሱ ውስጥ አይሆንም!» አልኩ።

ጠርሙሱ ዘንበል ብሏል። ዘልዬ ቅሏን ከሐኪሟ እጅ ነጠቅሁ። ሐረሬው ደንግጦ እጁን ቢሰበስብም ዘይቱ ቀድሞት ነበር፤ ግማሹ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ በክንዴ ወረደ። ሴትዮዋ በጩኸቴ ተሸማቅቃ ግድግዳው ጋ ተጠግታለች። የወተት ቅል ውስጥ ያን የመሰለ ዘይት ከገባ ቅሉ ይጠጣዋል፤ በአመድ ቢታጠብ፣ በወይራ ቢታጠን አይለቅም። ይህን እዚያ ክፍል ውስጥ ሦስታችን እናውቃለን፣ አንዷ አታውቅም።

ሐኪሟ ዘይት የሚንጠባጠብበትን እጄን፣ ከዚያ ግድግዳ የተጠጋችውን ሴት አየች። «አየሽ? አስደነገጥሻት» አለችኝ። «ፈረንሳይኛሽ ከሱ ይሻላል። ማንበብሽም። ግን ይህ ትምህርት ርኅራኄ ይፈልጋል። አንቺ የሰው ልብ አይገባሽም። ቤይሩት እሱ ይሄዳል።»

ሐረሬው ኮሪደሩ ላይ ተከትሎኝ መጣ። «እኅቴ፣ ስሚኝ፣ አትቆጪ» አለኝ። «እሷ የምትፈልገውን ብትነግሪያት ምን ነበረበት? ቤይሩት ደርሰሽ፣ ተምረሽ፣ ያኔ እውነቱን ታወሪ ነበር።»

«ለማን?» አልኩት።

ትቼው ወደ በሩ ሄድኩ። በኋላ ሐኪም ሆኖ ተመለሰ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደግ ሐኪም ነው ይሉታል።

ወደ ውጪ ስወጣ ሴትዮዋ ግራሩ ሥር ተቀምጣ የባሏን ወንድም ትጠብቃለች። ዘይቱን መሬት ላይ ደፍታዋለች፤ አቧራው ጠጥቶት ጥቁር ክብ ሆኗል። ቅሏን በቀሚሷ ጫፍ ውስጥ ውስጡን ትወለውላለች። ባቡሩ ከታች ሲጮኽ ቀና ብላ አየችኝና ቅሏን ዘረጋችልኝ።

«እስኪ አሽትቺያት፣ ያ ኢንተላ። የኔ አፍንጫ በልቅሶ ተደፍኗል። የልጄ ጭስ አለ?»

አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ጉሎ ብቻ ነበር።

«አለ» አልኳት። «ከሥሩ አለ።»

ክዳኑን ገጥማ ጡቷ ሥር ሸጎጠቻት። እኔ ነጭ ሽርጤን ፈትቼ፣ ክንዴን ጠረግሁበትና በሐኪም ቤቱ በር እጀታ ላይ ሰቀልሁት። ከዚያ የጣቢያውን መንገድ ይዤ ሄድኩ።