የማን ተራ ነው?

ጌታ ይባረክ፣ ወገኖቼ! አሜን በሉ፣ ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፤ ጎረቤት ይሰማል። ልመስክር ብዬ ስንት ጊዜ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። ዛሬ የሎሚ እናት አዴ ቀበኔ "ተናገሪ" ስላሉኝ እናገራለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በኪነት ነው። እዚህ አሰላ፣ የቀበሌያችን ጨፋሪዎች አለቃ ነበርኩ። ያ ራስ ወዲያ ወዲህ የሚወረወርበት የአርሲ ጭፈራ ላይ ማን ይችለናል! ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ጨፋሪ ከወደቀች ከበሮው አይቆምም፣ ይፈጥናል። እኛም አጨብጭበን እናስነሳታለን። ሕዝቡ ይህን ይወድ ነበር።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ እኔና ጓደኛዬ ሎሚ ራስ ለራስ ተጋጨን። እሷ ወደ ኋላ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ከበሮው ፈጠነ፣ አጨበጨብን፣ ተነሳች። ከዚያ "ጽጌ፣ የማን ተራ ነው?" አለችኝ። "ያንቺ" አልኳት። ትንሽ ቆይታ እንደገና "የማን ተራ ነው?" አምስት ጊዜ ሳትጠይቀኝ አልቀረችም። ቡድኑ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ፣ ወገኖቼ። ጌታ ሆይ፣ ማረኝ!

በሦስተኛው ቀን ኢተያ ዝግጅት ነበረን። መኪናው ላይ "ራሴን ይፈልጠኛል፣ ብርሃኑም ዓይኔን ይወጋኛል፤ ዛሬ ልቅር" አለችኝ።

"ካድሬው ሞራል የላትም እንዲልሽ ነው? እኔስ አብሬሽ ተጋጭቼ የለ?" አልኳት።

ወጣች፣ ጨፈረች፣ ወደቀች። ያን ጊዜ የገጫት ማንም አልነበረም። ከበሮው ፈጠነ። አጨበጨብን። አልተነሳችም።

ሐኪም ቤት ስናደርሳት ሐኪሙ "ከዚህ በፊት ራሷን ተመትታ ነበር?" ሲለኝ "ኧረ አልተመታችም" አልኩ። ዋሸሁ። ራሷን ከኋላ በኩል ዳሰሰና ዓይን ዓይኔን አየኝ። "እንዲህ የተመታ ሰው ተነስቶ ስለቆመ ድኗል ማለት አይደለም" አለኝ። "ማረፍ ነበረባት።"

በማግስቱ አረፈች።

ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ? እህል አልወርድ አለኝ። ጭብጨባ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬን እይዛለሁ። መኖር አስጠላኝ። በመጨረሻ አዴ ቀበኔ እግር ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። የጠበቅሁት እርግማን ነበር።

"ኢንተላኮ፣ ልጄ" አሉኝ። "ያን ቀን ቤት ገብታም 'እማ፣ የማን ተራ ነው?' አለችኝ። ውሃ መቅዳቱን የጠየቀችኝ መስሎኝ 'ያንቺ' ብዬ እንስራ አሸከምኳት። እኔን ያልጣለ ጌታ አንቺንም አይጥልሽም።"

ስሙ ይባረክ! እዚያው መሬት ላይ፣ ተቃቅፈን እያለቀስን ጌታን ተቀበልኩ።

ተፈውሻለሁ ልበላችሁ? አልዋሽም፤ አንዴ ዋሽቻለሁ። ዛሬም በጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የምሰማው ድምፅዋን ነው። ግን ብቻዬን አልሰማውም፤ ለዚህ ጌታን አመሰግናለሁ።

ወንድሞች፣ እህቶች፣ ቀበሌ ልጆቻችሁን ለኪነት ሲጠራ እምቢ እንደማትሉ አውቃለሁ። ራሷን ተመትታ የመጣች ልጅ ግን፣ ብትቆምም፣ ብትስቅም፣ አሳርፏት። ሐኪም ከጠየቃችሁም እውነቱን ንገሩት። እንደ እኔ የከበደው ካለ ደግሞ ለጌታ ይስጠው፤ እሱ ሸክማችንን አይንቅም።

ጨርሻለሁ። ቀጥሎ የሚመሰክር ዝም ብሎ ይነሳ። ብቻ እባካችሁ፣ የማን ተራ ነው አትበሉ።