በአረብኛ ያልጠየቅሁት ጥያቄ

ይህ ከሆነ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ከባለቤቴና ከሐኪሙ በቀር እውነቱን የሚያውቅ የለም፤ እኔን ግን ዛሬም እንቅልፍ ይነሣኛል።

ባሕር ዳር በተከራየንበት ግቢ ሳልማ የምትባል ሱዳናዊት ጎረቤት አለችን። ጦርነቱን ሸሽታ ከባሏ ጋር የመጣች ናት፤ ያኔ አማርኛ ገና አልለመደችም። እኔ በወጣትነቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ አጨዳ ሄጄ ዓመታት ስለቆየሁ አረብኛ እችላለሁ። አንድ ቀን ጥርሷን አሟት ጉንጯ አብጦ አደረ። ባሏ ለወረቀት ጉዳይ አዲስ አበባ ከሄደ ወር አልፎት ስለነበር እኔ ሰፈራችን ወዳለው የጥርስ ሐኪም ይዣት ሄድሁ።

ክሊኒኩ ጠባብ ነው። በመጋረጃ ስለተከፈለ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል። ሐኪሙ ማደንዘዣ ወግቶ መግሉን አፈሰሰላት። ከዚያ ማዘዣውን ሊጽፍ ብዕሩን አነሣና፣

«ጋሼ፣ እርጉዝ መሆን አለመሆኗን ይጠይቁልኝ» አለኝ።

የሰው ሚስት፣ ያውም አጎቴ እያለች የምትጠራኝን ልጅ፣ ባሏ በሌለበት እንዲህ ብዬ ልጠይቃት? በዚያ ላይ ከመጋረጃው ማዶ ያ ሁሉ ጆሮ! አረብኛ እንደማይሰሙ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«ኧረ የለም፣ ባሏም እዚህ የለ» አልሁ።

ሳልማ «ምን አለህ?» ስትለኝ «ይሻልሻል አለ» ብዬ አለፍሁት።

መድኃኒቱን ገዛን። ማደንዘዣው ሲለቃት ምግብ ቀምሳ ሁለት ክኒን አንድ ላይ እንድትውጥ ተነግሯታል። እሷ ሐይቁ ዳር ትንሽ ልቀመጥ ብላ ሄደች፤ እኔ ቤት ገባሁ።

ለባለቤቴ የሐኪሙን ጥያቄ እየሳቅሁ ነገርኋት። ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ አስቀምጣ ተነሣች።

«ሳትጠይቃት መለስህለት? ልጅቱ ጠዋት ጠዋት ስታስመልስ እሰማታለሁ እኮ! አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?»

ስልኳ ላይ ስደውል ከተቆለፈው ክፍሏ ውስጥ ጠራ።

ወደ ሐይቁ ሮጥሁ። እሑድ ስለነበር ዳርቻው በሰው ተጨናንቋል። ሻሽ ያደረገች ሴት ባየሁ ቁጥር እሷ እየመሰለችኝ እጠጋለሁ። ከዋጠችው ለባሏ ምን እላለሁ? ፈጣሪዬን ለመንሁት።

ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ወዲያ ዛፍ ሥር አገኘኋት። ዳቦዋን ጨርሳለች። ክኒኖቹ መዳፏ ላይ ናቸው፣ በሌላው እጇ የውኃ ጠርሙሷን ክዳን ትከፍታለች።

«ሳልማ፣ እንዳትውጪው!» ብዬ ስጮህ ሰው ሁሉ ዞረ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ክሊኒክ ውስጥ ያፈርሁበትን ጥያቄ እያለከለክሁ ጠየቅኋት።

ክኒኖቹን ጨበጥ አድርጋ አቀረቀረች። «ለባሌም ገና አልነገርሁት። አንተ በምን አወቅህ?»

«ሐኪሙ መጠየቁን ረስቶ ነው የላከኝ» አልኋት። ይህንንም ዋሸሁ።

ተመልሰን ለሐኪሙ እውነቱን በአማርኛ ነገርሁት። ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ለነፍሰ ጡር የማይሰጥ መድኃኒት ነበር እኮ። እርስዎን አምኜ!» አለኝና ሌላ ጻፈላት። ሳልማ አልገባትም፤ ፈገግ ብላ ታየናለች።

ሴት ልጇን በሰላም ወለደች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጅቱን ታቅፋ፣ ቶሎ በለመደችው አማርኛ፣ «ሐኪሙ ረሳ፣ አጎቴ ሮጦ አዳናት» እያለች ታወራለች። ሰዎቹም ይመርቁኛል። እኔ መሬት መሬት እያየሁ አሜን እላለሁ። ባለቤቴ ግን አሜን አትልም።