የኋላው ወንበር ፎጣ

«እማማ፣ እንደዚህች ያለች መኪና በሕይወቴ ነድቼ አላውቅም!» አለኝ የልጅ ልጄ ዮናስ፣ የአሠሪውን መኪና ደጃችን አቁሞ። ሰውየውን ለማምጣት ከመሄዱ በፊት ፎጣ በውኃ ነክሮ የኋላውን የቆዳ ወንበር ያለብስ ጀመር። የእርጥብ ፎጣና የጋለ ቆዳ ሽታ ሲመጣብኝ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር የነበረው የአባቴ ቤት ታየኝ።

አባቴ የአንድ ፈረንሳዊ ሾፌር ነበር፤ ፈረንሳዊውን «ሙሴ» እንለው ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሙቀት ተኝቶ ሳለ፣ አባቴ ወንድሜን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሙሴን ፔዦ መሪ አስያዘው። እኔ መኪናው ፊት ቆሜ «ተራዬ ካልተሰጠኝ አታልፉም!» አልኩ።

«ሴት መኪና አትነዳም» አለ ወንድሜ።

«እንግዲያው ዳጡኝ!»

አባቴ ስቆ አስነዳኝ። መሪው እንደ ፍም አቃጠለኝ፤ ግን አልለቀቅኩትም። በዕድሜዬ የነዳሁት እሱን ብቻ ነው።

«ለሙሴ ወንበር ፎጣ ታረጥባለህ፤ ለመሪው ለምን አታረጥብም?» አልኩት።

መዳፉን አየት አደረገና «እጅ ይለምዳል፣ ልጄ። ዋናው ልብ እንዳይለምድ ነው» አለ። ያኔ አልገባኝም። ልብም እንደሚለምድ ያወቅኩት ቆይቼ፣ ሲደክመኝ ነው።

አሁን ዮናስም መሪውን ነክቶ እጁን ቶሎ ሰበሰበ። «ምንም አይደል፣ ለምጄዋለሁ» አለኝ።

ጉልበቴን እያመመኝ ተነሣሁ። ፎጣውን ከኋላው ወንበር አንሥቼ መሪው ላይ ጣልኩት።

«እማማ! ሰውየው ምን ይለኛል?»

«ተራውን ይጠብቅ።»